ባዶ እጁን እንዳይገባ

ሃዊ ከመኪናው አልወረደችም።

ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ግን በአጭሩ ከተወራ ማን ማንን እንደበደለ ስለማይታወቅ፣ ከላንጋኖ መገንጠያ መጀመር ይሻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የሃዊ አባት አቶ ፈይሳ አዳማ ላይ አምስት ኮስተር አውቶቡስ ያሠራሉ፤ አንዱን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ካልነዱት አይሆንላቸውም። ያን ዕለት ልጃቸው የምትወደውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ላንጋኖ ወርደው ውለዋል። ቀኑ ያማረ ነበር። ኤባ ሐይቁ ዳር፣ ከግራሮቹ ሥር አስቀምጦ ዓሣ አብልቷቸዋል፤ እሳቸውም ዓሣው ላይ አልታሙም። ሲጨርሱ የበሉበትን አጥንት ራሳቸው ሰብስበው ጉድጓድ ውስጥ እንዲከቱ ሲነገራቸው፣ “በዚህ ዕድሜዬ ገበታ አንሺ ሆንኩ” እያሉ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም።

ኤባ የዚያው የሐይቁ ዳር ልጅ ነው። ኩየራ ኮሌጅ ተምሮ፣ ከተማ ይቀራል ሲባል ወደ መንደሩ ተመለሰና ከጎረቤቶቹ ጋር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አቆመ። ማረፊያው የራሱ ሥርዓት አለው። እንግዳ የሚመጣው በሕዝብ ትራንስፖርትና በእግሩ ነው። የሚጠጣበትን ኮዳ ይዞ ይመጣል፣ ያመጣውን ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የከሰሉ ነገር ነው። የመንደሩ ሰው ግራር ቆርጦ ላያከስል ተማምሏል፤ ከሰል በጫነ መኪና ላይም አይሳፈርም። ያስማላቸው ኤባ ነው።

ከሃዊ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሃዊ በአባቷ ቢሮ የቅዳሜና እሁድ ጉዞ አዘጋጅ ናት፤ “ላንጋኖ ደርሶ መልስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ዲጄ” የሚለውን ማስታወቂያ የምትለጥፈው እሷ ናት። ዓምና አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ረጅም ልጅ ባዶ ሃይላንድ የታጨቀበት ጆንያ ተሸክሞ ቢሮዋ ገባና፣ “ይቅርታ እህቴ፣ እንግዶችሽ ዕቃቸውን ረስተው ሄደው ነው” አላት። ለጆንያው እንደ አንድ ሰው ሒሳብ ከፍሎ፣ በሚኒባስ ጭኖ ነበር ያመጣው። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተው እየተከታተላችሁት ስለሆነ መድገም አያስፈልግም።

ወደ መገንጠያው እንመለስ። አቶ ፈይሳ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ተነሡና፣ “በል ልጄ፣ ተነሣ። ዛሬውኑ ከእናቷ ጋር ላስተዋውቅህ” አሉት። ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ኤባ ኮዳውንና አንድ ሸሚዝ ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ ከኋላ ገባ። ሦስት ሰው በአንድ ኮስተር! ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሳይናገር አያልፍም ነበር፤ ያን ቀን ግን ነዳጁም ጭሱም ትዝ አላለው። ሃዊ ከአባቷ ጎን ሆና በመስታወቱ ታየዋለች፤ እሱም በመስታወቱ ያያታል።

ዋናው አስፋልት ላይ ሲደርሱ አቶ ፈይሳ ጥግ ይዘው አቆሙ። አፋቸው በሣር የተደፈነ የከሰል ጆንያዎች እንደ ወትሮው መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። በዚያ በኩል አልፎ ወደ ላይ የሚመለስ መኪና ከሰል ሳይጭን አይሄድም፤ የመንገዱ ልማድ ነው። አቶ ፈይሳ ወረዱ፣ ተከራከሩ፣ አስጫኑ። ጣሪያው ላይ የሰው እግርና የገመድ ድምፅ ተሰማ። ሃዊ ዞር አላለችም። አባቷ የመንደሩን መሐላ ያውቃሉ፤ ኤባ ከምሳ በኋላ ለእንግዶቹ ሁሉ ሲያስረዳ እዚያው ነበሩ። “ሊፈትነው ነው” አለች በልቧ፣ ደሟም ፈላ።

በመስታወቱ ስታየው የኤባ ፊት ተለዋውጧል። ዓይኑ ጆንያዎቹ ላይ ነው፤ እጁ የበሩን እጀታ ይዟል።

“ጋሽ ፈይሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እዚህ እወርዳለሁ።”

“ምን ረሳህ?”

“ምንም አልረሳሁም። መሄድ አልችልም።”

“በከሰሉ ነው?”

ኤባ በሩን ከፈተ። ከመውረዱ በፊት ግን ሃዊን አየ። ዓይኑ የሚለው ሁሉ ገብቷታል። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅባት፤ ወይም ለአባቷ የምትነገር፣ ወይም ለእሱ። ሃዊ እጆቿን አየች። ጭኗ ላይ አጣምራ እጆቿን እያየች ሳለ በሩ ተዘጋ።

“ከሰል ከጫነ ሰው ጋር መታየት አሳፈረው ማለት ነው?” አሉ አቶ ፈይሳ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። እሷ ግን የሚያሾፉ መሰላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መኪናው ሲነሣ በኋላው መስኮት አየችው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች አንዲት ከሰል ሻጭ ፊት ቆሟል። ሴትዮዋን የሚቆጣት መሰላት፤ በዚያም ጭምር ተቀየመችው። ሃዊ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው አገጯ ሲረጥብ ነው።

ኤባ በማግሥቱ ደወለ። አላነሣችም። ምን ልትለው? ስልኩ ጮሆ ዝም ሲል ግን በተራዋ ተናደደችና “አባቴን አዋረድከው” ብላ ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ።

“ልክ ነሽ።”

በቃ። ቢከራከራት ትከራከረው ነበር፤ ቢቆጣ ትቆጣው ነበር፤ ከዚያ አንዱ ይስቅና ነገሩ ያልቅ ነበር። “ልክ ነሽ” ካለ ሰው ጋር ግን በምን ይጣላሉ? ቃሏን ተቀብሎ በሩን የዘጋባት ያህል ተሰማት። ቀናቱ እንዲሁ አለፉ። ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ “ላንጋኖ ደርሶ መልስ” የሚለውን ማስታወቂያ ታያለች፤ ቃሉ የሚሰድባት ይመስላታል።

ከሰሉ ግቢ ውስጥ፣ ከኮስተሮቹ ጀርባ፣ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። መብራት በጠፋ ቁጥር እናቷ ወይዘሮ ፍሬሕይወት “ኧረ ከዚያ ከሰል ትንሽ አምጡልኝ” ይላሉ፤ አቶ ፈይሳ “አይነካም” ይላሉ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ባላቸውን ቀና ብለው ያዩና፣ “ጌታ ይርዳህ” ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሃዊ ነገሩን በቂም ተረጎመችው። ሰው ከሰል እንኳ ይቀየማል እንዴ እያለች ከአባቷ ጋር ሰላምታዋን አሳጠረች።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባቷ ልብሳቸውን ቀይረው የኮስተር ጎማ ሲያጥቡ አገኘቻቸው። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

“አባዬ፣ ያን ከሰል አታነደውም፣ አትጥለውም። ምን ልታደርገው ነው?”

“የሰው ዕቃ አይጣልም።”

“የማን ዕቃ?”

“የልጁ።”

አቶ ፈይሳ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክረው ለመጭመቅ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ማውራት ጀመሩ።

“እናትሽን ልጠይቅ ስሄድ የሻሸመኔ መስመር ረዳት ነበርኩ። የለበስኩት ሸሚዝ እንኳ የሹፌሩ ነው። አያትሽ ደግሞ ቀላል ሴት አልነበረችም። ሹፌሩ ‘ባዶ እጅህን የሰው ቤት አትግባ’ ብሎ እዚያው መገንጠያ ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ገዝቶ ጫነልኝ። አያትሽ በሩን የከፈተችው ለከሰሉ ነው፤ እኔን ያየችኝ በኋላ ነው።” ትንሽ ሳቅ አሉና ፊታቸው መልሶ ጠቆረ። “ያን ቀን ልጁ መኪና ውስጥ ሲገባ ቦርሳውን አየሁት። ኮዳና ሸሚዝ። ያጣደፍኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ እጁን ሆነብኝ። እናትሽ ምንም አትልም። እሱ ግን በር ላይ ሲደርስ ይሰማዋል። እኔ አውቀዋለሁ ያንን ስሜት። ስለዚህ ገዛሁለት። ግቢ ስንገባ ‘ኤባ ያመጣልሽ ነው’ ልላት ነበር። መንገድ ላይ ብነግረው ይሸማቀቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

ሃዊ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበች።

“አባዬ፣ እነሱ እኮ ምለዋል። ከሰል አያከስሉም፣ ከሰል በጫነ መኪና ላይ አይሳፈሩም። ኤባ ነግሮህ ነበር።”

“መቼ?”

“ከምሳ በኋላ። ለእንግዶቹ ሁሉ ሲያስረዳ።”

“ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር።”

እውነት ነው። አቶ ፈይሳ ዓሣ ከበሉ የሚያስነሣቸው የለም። ግራሩ ሥር ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተጋድመው ነበር፤ ነጠላዋን አውልቃ እግራቸው ላይ ጣል ያደረገችላቸው ራሷ ሃዊ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላላትም።

“እኔስ ተኝቼ ነበር” አሉ አባቷ ቀስ ብለው፣ “አንቺስ?”

ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የበለጠ የወጋት። መኪናው ውስጥ የሁለቱንም ልብ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። “አባዬ፣ እነሱ ከሰል አይነኩም” ብትል፣ ወይም “ኤባ፣ ቆይ” ብትል ይበቃ ነበር። እሷ ግን አንዱን በክፋት፣ ሌላውን በትዕቢት ጠርጥራ እጇን ስታይ ሁለቱም ተሰብረው ተለያዩ። ሄዳ የአባቷን አንገት አቀፈች። እሳቸውም እርጥብ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

“ነገ እሄዳለሁ” አለች።

“ትንሿን መኪና ውሰጂ።”

“በመናኸሪያ ነው የምሄደው አባዬ። ወደ እሱ ሰው የሚሄደው እንደዚያ ነው።”

አቶ ፈይሳ ቅር አላቸው። የአምስት ኮስተር ባለቤት ልጅ በሰው ሚኒባስ! ግን ጨርቁን አንሥተው ወደ ጎማቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ማለዳ ሃዊ ኮዳዋን በውሃ ሞላች፣ እናቷ በቅቤ አሽተው ያዘጋጁላትን ጭኮ በምሳ ዕቃ ያዘችና የዝዋይ ሚኒባስ ላይ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። አጠገቧ ከደራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላ አንዲት የመቂ ነጋዴ ባዶ የቲማቲም ሣጥኖቿን ደራርባ ታቅፋለች።

ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችበት አታውቀውም። ግን መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሙዚቃው ጮሆ፣ እሷ የተሳፋሪ ስም እየጠራች ነበር። አሁን ሚኒባሱ በየቦታው ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። ቆቃ ላይ ውሃው ከጠዋቱ ፀሐይ ጋር ሲያብረቀርቅ አየች። ዓለም ጤና ስታልፍ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡ ሴቶች ጨዋታ በመስኮት ገባ። ከደራ የመጡት ሽማግሌ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ያ ሜዳ በልጅነታቸው ከግራሩ ብዛት ከብት የሚጠፋበት እንደነበር ነገሯት። ሜዳው አሁን ባዶ ነው፤ ሩቅ ለሩቅ አንዳንድ ዛፍ ቆሟል። እስከ መቂ ድረስ ጭኮ ተካፍለው በሉ።

ረዳቱ ባዶ ሃይላንድ በመስኮት ሊወረውር እጁን ሲያነሣ፣ ሃዊ ሳታስበው “ለእኔ ስጠኝ” አለችው።

“ምን ያደርግልሻል?”

“ባለቤት አለው።”

ረዳቱ ሳቀባት፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። ግን ዝዋይ እስኪደርሱ የጠጣ ሁሉ ባዶውን በእጅ በእጅ እያሳለፈ ወደ እሷ ላከው፤ ሽማግሌውም ቀበቶ በሚያህል የላስቲክ ገመድ አሰሩላት። ዝዋይ ላይ መኪና ቀይራ ሻሸመኔ በሚሄደው ስትሳፈር ያንኑ ታቅፋ ነበር። ኤባ በዚያ ጠዋት ቢሮዋ ሲገባ ምን እንደመሰለ ትዝ አላትና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ቡልቡላን አለፉ። የጆንያዎቹ ረድፍ ከሩቅ ታየ። ሹፌሩ ፍጥነት አልቀነሰም።

“ወራጅ አለ” አለች።

በሚኒባስ የሄደ ሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት። ሃዊ ያን ቀን ማለት የነበረባት ይህችኑ ነበር።

ሚኒባሱ አቧራውን አልብሷት ሄደ። ሻጮቹ “ከሰል ነው? ስንት ጆንያ?” እያሉ ከበቧትና፣ ባዶ ሃይላንድ መታቀፏን ሲያዩ ተዉአት። ከነሱ ራቅ ብላ አንዲት ሴት ተንበርክካ አፈር ትቆፍራለች። ከፊቷ ከክንድ የማይበልጡ የግራር ችግኞች በእሾህ ታጥረዋል። በየችግኙ ሥር ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ አንገቱን ወደ ታች ተቀብሮ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይንጠባጠባል።

“አካም ጂርቱ፣ አዴ? ደኅና ነዎት እናቴ?” አለች ሃዊ ጎንበስ ብላ።

“ነጋ፣ ገለተ ዋቃ። ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።” ሴትዮዋ ቀና አለች። ሃዊን ስታይ እጇ በደመ ነፍስ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበ። በዚያ አሳሳቧ ሃዊ አወቀቻት፤ ያን ቀን ኤባ ፊቷ የቆመው ከሰል ሻጭ ናት።

“አንቺ ከፊት የተቀመጥሽው ነሽ” አለች ሴትዮዋ።

“ነኝ። እናቴ፣ ያን ቀን ልጁ ሲቆጣዎት አይቻለሁ። እኛ ባደረግነው ነው እርስዎን የተቆጣዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልን።”

“ማን? ኤባ?” ሴትዮዋ ነጠላዋን ለቀቀችው። “ኤባ እናቱን አይቆጣም።”

ሃዊ ያቀፈችው ሃይላንድ ከእጇ ወደቀ። ኤባ “እናቴን የማሳይሽ በወጉ፣ ሽማግሌ ከላክሁ በኋላ ነው” ይላት ነበር፤ ስማቸውን ብቻ ነው የምታውቀው፣ አዴ ጉዲቱ። አሁን ስታያቸው ግንባራቸው የእሱ ነው፤ ዝምታቸውም የእሱ ነው።

“ተቀመጪ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ” አሉ አዴ ጉዲቱ፣ አጠገባቸው ያለውን መሬት በእጃቸው እየጠረጉ። “ልጄ አገር ያስምላል፣ እናቱ ተደብቃ ታከስላለች። የወደቀ ግራር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አልወደቀም፤ እኔ ነኝ የጣልኩት። የሽምግልናው ነገር እየቀረበ መጣ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። ለእናትሽ የሚሰጠው ቡሉኮ ልግዛለት፣ ልጄ ባዶ እጁን የሰው ቤት እንዳይገባ ብዬ ነው። ያን ቀን ያ መኪና ሲቆም ደስ አለኝ። ያለኝን ሁሉ የሚገዛ ሰው መጣ። አስጭኜ ቀና ስል ልጄ በመስኮቱ ያየኛል።”

ሃዊ እጃቸውን ያዘች፤ አፈር የለበሰ፣ ሻካራ እጅ ነው።

“ወርዶ መጣ። ‘ሂድ፣ ይጠብቁሃል፣ ያቺ ልጅ ትጠብቅሃለች’ አልኩት። ‘አንቺን እዚህ ጥዬ፣ ባንቺ ከሰል ሥር ተቀምጬ የትም አልሄድም’ አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። እጄን ይዞ ቤት አስገባኝ። በማግሥቱ መንደሩን ሰብስቦ፣ ‘ደንቡን የጣሰችው እናቴ ናት’ ብሎ ራሱ ተናገረ። የቆረጠ ይተክላል፣ እስኪጸድቅም ይጠብቃል። ይኸው እጠብቃለሁ።”

ሃዊ ይዛው የቆየችውን እጃቸውን ጨበጥ አደረገች።

“አዴ ጉዲቱ፣ ከሰሉን የገዛዎት አባቴ ነው። ለምን እንደገዛው ያውቃሉ? ለእኛ አይደለም። ኤባ እናቴ ቤት ባዶ እጁን እንዳይገባ ብሎ ነው።”

አዴ ጉዲቱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከእጃቸው ሥር የወጣው ግን ሳቅ ነበር፣ እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ።

“ለኤባ? ከእኔ?”

“ለኤባ። ከእርስዎ።”

“ወይ ዋቃ” አሉና አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ ጉንጯ በአፈር ተቀባ። ከዚያ የወደቀውን ሃይላንድ አንድ በአንድ ለቀሙና፣ “ይኸ ደግሞ ለችግኞቼ ይሆናል” አሉ። ሃዊ ያን ጊዜ፣ ሳታስበው እንኳ፣ ባዶ እጇን እንዳልመጣች ገባት። ደስ አላት፤ አልቅሳም ደስ አላት።

ከመገንጠያው እስከ ሐይቁ ድረስ በእግሯ ሄደች። ኤባ ውሃው ዳር ጎንበስ ብሎ እንግዶች የለቀቁትን የድንኳን ቦታ ያስተካክላል፤ የተጋደመውን ሣር በመዳፉ ያነሣል፣ ድንጋዩን ወደነበረበት ይመልሳል። ሰው ያደረበት እስከማይመስል ድረስ ካላቃናው አያርፍም። ሃዊ ቆማ አየችው። እነዚያ እጆች ለሣር እንኳ እንዲህ ናቸው።

ቀና አለ። መጀመሪያ ዓይኑ መኪና ፈለገ፤ የለም። ቀጥሎ ጫማዋን አየ፤ አቧራ ብቻ ነው።

“በምን መጣሽ?”

“ከመገንጠያው በእግሬ።”

“መገንጠያው ላይ ወረድሽ?”

“ወረድኩ” አለች። “ዘገየሁ እንጂ፣ ወረድኩ ኤባ።”

ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እሷም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቡናማው የላንጋኖ ውሃ እየመጣ እግራቸው ሥር ይመለሳል።

“እናትህን አገኘኋቸው።”

ፊቱን አዞረ።

“ለምን አልነገርከኝም? ‘አባቴን አዋረድከው’ ስልህ ‘ልክ ነሽ’ ትለኛለህ?”

“አዋርጃቸው ነበር። ውሸት አልነበረም። ምክንያቱን ልንገርሽ ብል ደግሞ እናቴን ላዋርዳት ነው። እሷ ያን ቀን ፊቷን ስትሸፍን ያየሁት ይበቃኛል አልኩ። እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል።”

“ስትወርድ እኔን አይተኸኝ ነበር።”

“አብረሽኝ እንድትወርጂ አይደለም ያየሁሽ።”

“ዋሸህ።”

“ዋሸሁ” አለ።

ያን ጊዜ የአባቷን ነገር ነገረችው፤ የሹፌሩን ሸሚዝ፣ የአያቷን በር፣ ግራሩ ሥር የተኙትን እንቅልፍ። ኤባ መጀመሪያ ሳቀ። ስትጨርስ ግን ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። ሃዊ ራሱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። ጠጉሩ ጭስና የሐይቅ ውሃ ይሸታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የናፈቃት ይህ ሽታ ነበር።

“ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ሰው ጭኜ መጥቼበታለሁ” አለች በኋላ። “የደረስኩት ግን ዛሬ ነው። ያን ‘ደርሶ መልስ’ የሚል ማስታወቂያዬን ላወርደው ነው። ከእንግዲህ ሰው የማመጣው አንተ በምትለው መንገድ ነው፤ ጥቂት ሰው፣ በቀስታ፣ ዲጄ የለም።”

“አባትሽ ምን ይላሉ?”

“ይቆጣል። ከዚያ ዓሣ ታበላዋለህ።”

ሳቁ። ከዚያ ኤባ እጆቹን ገልብጦ አየ። “አሁንም ምንም የለኝም፣ ሃዊ። ቡሉኮ የለም። ከሰል የለም።”

“እንደዚሁ ና” አለችው። “እናትህንም ይዘህ ና። ባዶ እጅህን ና።” ጣቶቿን በጣቶቹ መሐል አስገባች፤ የአርሲ ተራሮችም በምትጠልቀው ፀሐይ ቀሉ፣ እነሱ ግን አላዩአቸውም።

በተከታዩ ቅዳሜ አዳማ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሲንጎራደድ አረፈደ። አቶ ፈይሳ የራሳቸው መኪና ከያዙ ወዲህ እዚያ ግቢ ገብተው አያውቁም። ረዳቶቹ “ጋሼ፣ ሞጆ? ዝዋይ? አለ ቦታ!” እያሉ ሲጎትቷቸው፣ “ሰው እጠብቃለሁ ልጄ” ይላሉ። አዲስ ኮት ለብሰዋል።

ሚኒባሱ ሲቆም መጀመሪያ እንግዶቹን ልታመጣ ዓርብ የሄደችው ሃዊ ወረደች፤ ቀጥሎ እጇን ይዘው አዴ ጉዲቱ ወረዱ። አቶ ፈይሳን ሲያዩ ነጠላቸውን ያዝ አደረጉ፤ ወደ ዓይናቸው ግን አልሳቡትም።

አቶ ፈይሳ አወቋቸው። ሃዊ ሁሉንም ነግራቸዋለችና ያልጠበቁት አልነበረም፤ ቢሆንም አንገታቸው ደፋ አለ።

“አካም ጂርቱ፣ አዴ ጉዲቱ” አሉ። “ደንበኛዬ ነዎት እኮ።”

“ባዶ እጄን መጣሁብዎት፣ ኦቦ ፈይሳ” አሉ አዴ ጉዲቱ።

“እርስዎማ ቀድመው ልከዋል። ይኸው ግቢዬ ውስጥ አለ፤ ባለቤቶቹ እስከሚመጡበት እስከ ዛሬ ጠዋት ማንም አልነካውም። ዛሬ ምሳውን በሱ ሠርታለች ባለቤቴ፤ ከእንግዲህ ግን እርስዎም አይሸጡልኝ፣ እኔም አልገዛዎትም።”

አዴ ጉዲቱ ሳቁ፤ ሃዊ ግን ከኋላዋ ያለውን በር እያየች ነበር። ኤባ መጨረሻ ላይ ወረደ። ቦርሳው ጀርባው ላይ ነው፣ በእጁ ምንም አልያዘም። ምን እንደሚያደርግባቸው ያላወቀ ይመስል እጆቹ ጎንና ጎኑ ተንጠልጥለው ቆመ።

አቶ ፈይሳ ቀረቡና ሁለቱንም እጆቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሌላው ተራ እስኪይዝ ድረስ አልለቀቁትም።